አስፕሪን መድኃኒት አይባልም

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለጽጌማርያም
ሃንጋሪ አገር፣ ደብረጸን ከተማ

የቀራንዮ መድኃኔዓለም በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይግባ። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ከተማሽ ደብረጸን መባሉን ከሰማሁ ወዲህ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ «የእኅቴ ልጅ ደብር ገብታለች» እያልኩ አወራለሁ። ጎረቤታችን እትዬ እሙ አምናኝ «የማን ታቦት ነው ያለበት?» ብትለኝ «ገና ነው፣ ከቀበሌ ፈቃድ እየተጠበቀ ነው» አልኳት። ሻማ ልትልክልሽ ነው። ብትቀበያት ምን አለበት?

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የእናትሽ አንገት ላይ ያለችውን እብጠት ታስታውሻለሽ። ዘንድሮ ትንሽ ጨመር ስላለች ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ዶክተሯ አንገቷን ዳብሳ «እንቅርት ነው፣ ዕጢው እንዴት እንደሚሠራ ደሟን እንይ» አለች። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትላት እናትሽ «ኧረ ምንም፣ ጠበል ብቻ» አለች። ጉልበቷ ዛሬም ያማታል፣ እሱን ግን እኔው ራሴ ይዤዋለሁ። ለጉልበት ሐኪም አያስቸግሩም።

የደሙ ውጤት በሁለት ሳምንቱ መጣ። ዕጢው ሰነፍ ነው፣ ሆርሞኑ ከሚገባው በታች ነው ተባለ። ዶክተሯም በየቀኑ የምትውጠው ክኒን ሰጠቻት። ደሙን የመረመረው ማን ይመስልሻል? ጥሩነህ! ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ የሚኖረው፣ የዕድራችን ዳኛ። አምና በዕድሩ ስብሰባ ላይ ሽፋኑ ከተገነጠለው የሕክምና መጽሐፌ ስለ ወባ እያስረዳሁ ሳለ ተነስቶ «ጋሼ ቀለመወርቅ፣ መጀመሪያ ለመጽሐፍዎ ሽፋን ይግዙለት» ያለኝ እሱ ነው። መቶ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የሳቅሁትን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ጻፊልኝ። በረዶው ጀመረ ወይ?

አጎትሽ ቀለመወርቅ


ደብረጸን፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አጎቴ ጋሼ ቀለመወርቅ፣

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ አንድ ወር ከምናምን ፈጅቶ፣ ጠርዙ ተከፍቶ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ደረሰኝ። የከፈተው ሰው ስለ ታቦቱ ያወሩትን አንብቦ ምን እንዳለ እንጃ።

በረዶው ጀምሯል። የላቦራቶሪ ትምህርቴን ደህና ይዣለሁ። የእማዬ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ዕጢው ሰነፍ የሆነበት ሰው ይበርደዋል፣ ይወፍራል፣ ይደክመዋል። እማዬ እንዲህ ሆናለች? እርስዎ ምንም አልጻፉልኝም። ክኒኑን ከጀመረች በኋላስ እንዴት ናት? እባክዎ ቀልዱን ትንሽ ቀንሰው ይህን ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጽጌማርያም


ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጽጌማርያም፣

መድኃኔዓለም ክፉውን ሁሉ ያርቅልሽ። ቀልድ ቀንስ ብለሻል፤ ቀልዱ ራሱ ቀንሶልሻል።

እናትሽ ክኒኑን በጀመረች በወሩ ልቧ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ አትይዝም። ቀሚሷ ሰፍቷት በገመድ ታስራለች። ኅዳር 27 ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወደቀች። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ሳነሳት የከበደኝ ነጠላዋ እንጂ እሷ አልነበረችም። በላዩ ላይ «ጆሮዬ ይጮሃል» ማለቷን ካቆመች ወራት ስላለፉ ተሽሏታል ብዬ ነበር፣ ለካ ሰልችቷት ነው እንጂ ዛሬም ይጮሃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ቤታችን ድረስ መጣ።

ዶክተሯ ደንግጣ ክኒኑን በግማሽ ቀነሰችው። «ወረቀቱ የሚለውና ሰውነቷ የሚለው አልገጠመልኝም» አለች። እኔ ግን ወዲያው ገጠመልኝ። መብረድ የለ፣ መወፈር የለ፣ መድከም የለ! እናትሽ ከክኒኑ በፊት ከቀራንዮ ቤቴል በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሴት ነበረች። ዕጢዋ ደህና ነው። ውሸታሙ ወረቀቱ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ደግሞ ጥሩነህ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። እኔ ይህንን ሰው አልለቀውም። በሰው ፊት እንዳሳቀብኝ በሰው ፊት ላስለቅሰው ነው። ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ ጫማም አልጠይቅሽም። የምፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። «ይህ ውጤት ሊታመን አይችልም» የሚል፣ ከግርጌው ማኅተም ያለው። ክብ ማኅተም ይሁን። እዚህ ክብ ማኅተም የማያስነሳው ሰው የለም።

አጎትሽ ቀለመወርቅ


ደብረጸን፣ ጥር 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እግዚአብሔር እማዬን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎን ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ በኋላ ያን ቀን የሠራሁት ሁሉ ተበላሸ። እኔ እዚህ አንድ ጠብታ ደም በስህተት ብጥል አስተማሪዬ ፊቱን ያዞርብኛል። እዚያ ግን ሰው እናቴን በእስክሪብቶ ሊገድላት ነበር!

ወረቀቱ ውስጡ አለልዎት። በአማርኛ ጽፌዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም የምትመታው ሴትዮ አማርኛ ስለማታውቅ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም። ክብ ነው። ቀዩን መረጥኩልዎ።

ይውሰዱና ያንብቡለት። እናቴን እንዳንቀጠቀጣት ይንቀጥቀጥ።

ጽጌማርያም

ደግሞም፦ መጀመሪያ ልጠይቅዎ የሚገባኝን ረስቼ። እማዬ ከክኒኑ ሌላ የምትውጠው ነገር አለ? የጆሮዋ ጩኸትስ መቼ ነው የጀመራት?


ቀራንዮ፣ የካቲት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለድል አድራጊዋ ለጽጌማርያም፣

እጅሽ ይባረክ፣ ማኅተም የመታችውም ሴትዮ ትባረክ!

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። ወረቀትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለተሰበሰበው፣ አንዴ ዘግይተው ለመጡት። ማኅተሙን ከፍ አድርጌ በየረድፉ አዞርኩት። ሊቀመንበሩ ጓድ ወዬሳ መነጽሩን አጥልቆ አየውና «ይህ በሠፊው ሕዝብ ጤና ላይ የተፈጸመ አሻጥር ነው» አለ። ቃሉን ከኔ አልሰማም፣ እውነቴን ነው። እኔ «ስህተት» ብቻ ነበር ያልኩት። እሱ አሻጥር ሲል ግን አላረምኩትም።

ጥሩነህ ተነስቶ «ጓዶች፣ እኔ ደሙ የሰጠኝን ቁጥር ነው የጻፍኩት» አለ። የሳቀ ሰው የለም። እዚያው ይዘውት ሄዱ። ስድስት ቀን ቀበሌ አድሮ ተለቀቀ፣ ከሥራው ግን ታግዷል።

ሚስቱ ብርቅዬ እቤቴ መጣች። «ጋሼ፣ ሬሳ አብረን የምንቀብር ሰዎች አይደለንም?» አለችኝ። «ነን፣ ዛሬ ግን ለመጽሐፌ ሽፋን እያለበስኩ ስለሆነ ጊዜ የለኝም» አልኳት። በሩን ቀስ አድርጌ ነው የዘጋሁት፤ ክፉ አይደለሁም።

ስለ ጠየቅሽው፦ እናትሽ ሌላ ምንም አትውጥም። አስፕሪን ብቻ። ለጉልበቷ አራት ጠዋት፣ አራት ቀትር፣ አራት ማታ፣ አምና ከሚያዝያ ጀምሮ። ልኩን የወሰንኩላት እኔ ነኝ። እኔም ለወገቤ በዚያው ልክ እወስዳለሁ፣ አንድ ላይ ነው የምንውጠው። ጆሮዋም ከዚያው ሰሞን ጀምሮ ነው የሚጮኸው። ለዶክተሯ አልነገርናትም። ከአምሐ ሱቅ ከክብሪትና ከሳሙና ጋር የሚገዛ ነገር መድኃኒት አይባልም።

አጎትሽ ቀለመወርቅ


ደብረጸን፣ መጋቢት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ደብዳቤ ቆመው አያንብቡት።

አሥራ ሁለት አስፕሪን በቀን። ጆሮዋ የሚጮኸው በአስፕሪኑ ብዛት ነው። የደም ምርመራዋንም ያዛባው እሱ ነው። አስተማሪዬን ጠየቅሁት፣ መጽሐፉንም አየሁት።

እንዲህ ነው። የዕጢው ሆርሞን ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፤ የሚሸከመው ነገር አለ። ከ18 ማዞሪያ መርካቶ የሚሄደውን አውቶቡስ ያስቡ። ሆርሞኑ ተሳፋሪ ነው። አስፕሪን በብዛት ሲወሰድ ወንበሩን ይቀማዋል፣ ተሳፋሪውም ይወርዳል። ምርመራው የሚያየው አውቶቡሱን ነው፤ ባዶ ወንበር ያይና «ሰው የለም» ይላል። የወረደው ሰው ግን ጉዳዩ ያለበት ቦታ በእግሩ ደርሷል። የእማዬ ዕጢ ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው። ያነሰው በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ጥሩነህ ስለዚህ አልዋሸም። ደሙ የሰጠውን ጻፈ። ዶክተሯም ጠየቀች፤ እናንተ ናችሁ «ምንም» ያላችኋት። እኔ ደግሞ ከሁላችሁ የባስኩ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባኝን መጨረሻ ጠየቅሁ፣ ማኅተሙን ግን አስቀደምኩ።

ሁለት ነገር ያድርጉልኝ። አንደኛ፣ እማዬን ዶክተሯ ጋ ወስደው የአስፕሪኑን ነገር ከነቁጥሩ ይንገሯት። ክኒኑን ዶክተሯ ትወስን እንጂ እርስዎ እንዳያስቆሟት። ሁለተኛ፣ የቀበሌው ኮሚቴ ፊት ቆመው የነገርኩዎን ይናገሩ። ሰውየው ልጆች አሉት።

ጽጌማርያም


ቀራንዮ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጽጌማርያም፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በጉ ትንሽ ነበር፣ ጥርሳችን ግን ትልቅ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዝናብ መትቶት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ደህና ነው። ሁለተኛው ገጽ ቀለሙ ፈስሶ አንድም ቃል አይነበብም። በአጋጣሚ ግን እናትሽ አስፕሪኑን ትታለች። ዶክተሯም ነገሩን ስትሰማ ክኒኑን አስቆመቻት። ልቧ ተመልሷል። ጆሮዋ ዝም ብሏል። ጉልበቷ ግን ያማታል፤ ዶክተሯ ሌላ ነገር ሰጥታታለች።

ጥሩነህ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጋዜጣ ይዟል፣ ሲያነብ ግን አላየሁትም። በዚያ ሳልፍ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ሰላምታ ግን አይሰጠኝም። መንገዴን በእትዬ እሙ ግቢ በኩል አዙሬዋለሁ። ያው ጭቃው እዚያ ይሻላል።

አጎትሽ ቀለመወርቅ


ደብረጸን፣ ግንቦት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአቶ ቀለመወርቅ፣

ዝናቡ እማዬን ዶክተሯ ጋ ይውሰዱ የሚለውን ማንበብ ፈቅዶ፣ ኮሚቴው ፊት ይቁሙ የሚለውን ብቻ መርጦ አጠበው? ጎበዝ ዝናብ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጽፌዋለሁ፣ በሦስት ቅጂ። አንዱ ይኸው። አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለወይዘሮ ብርቅዬ ነው፤ ሁለቱም ፖስታ ውስጥ ታሽገው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ርዕሱ ላይ የእርስዎን ስም በትልቁ ጽፌአለሁ፣ ከሥሩ የእኔን። ማኅተም የምትመታዋ ሴትዮ አሁንም አማርኛ አታውቅም።

እንቁጣጣሽ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እርስዎ በአፍዎ ካልተናገሩ እኔ በፖስታ እናገራለሁ። ያኔ የሚስቀው መቶ ሰው አይሆንም፤ ኮልፌ በሙሉ ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ነዎት። ለዚህ ነው ጊዜ የሰጠሁዎት፣ ለሌላ ሰው አልሰጥም ነበር።

ጽጌማርያም


ቀራንዮ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌማርያም፣

መድኃኔዓለም ከኔ ዓይነቱ አጎት ይጠብቅሽ። ፖስታዎችሽን ቅደጃቸው። ሁሉንም ልንገርሽ።

«አቶ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ለእናትሽ አነበብኩላት። «ቀለመ፣ ልጄ አቶ ካለችህ አንተን ከቤተሰቡ አውጥታሃለች ማለት ነው» አለችኝና ነጠላዋን ለበሰች። ይዛኝ ነው የሄደችው። እንደ ልጅ እጄን ይዛ።

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። «ጓድ ወዬሳ፣ ጥሩነህ አላጠፋም። ደሙን ያሳሳተው አስፕሪን ነው፣ አስፕሪኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ወዬሳ መሳቢያውን ከፍቶ ያንቺን ወረቀት አወጣ።

«ይሄ ማኅተም አለው። የእርስዎ አፍ ማኅተም አለው?»

«ማኅተሙንም እኛው ነን ያስመታነው።»

«እንግዲያው የትኛውን ውሸታችሁን ልመን?»

ዶክተሯ ተጠራች። እናትሽ አስፕሪኑንም ክኒኑንም ከተወች በኋላ ደሟ እንደገና ታይቶ ነበር፣ ቁጥሩም ደህና ሆኗል። ወዬሳ ግን «ክኒኑ አድኗት እንደሆነስ?» አለ። ሞኝ እንዳይመስልሽ፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍምና «እኔ እኮ የዕጢ ክኒን ውጬ አላውቅም። አንገቴም ይኸው፣ የዶሮ አንገት። አስፕሪን ግን በእኅቴ ልክ እውጣለሁ» አልኩ።

ዶክተሯ ዞራ አየችኝ። «አሁንም?»

«ዛሬ ጠዋትም።»

በሰው ፊት የሰደበችኝን ስድብ አልጽፍልሽም። ጨጓራዬ እስካሁን አለመበሳቱ ቅዱሳን ሌላ ሥራቸውን ፈትተው ስለጠበቁት ነው አለች። ከዚያ ደሜ እንዲመረመር አዘዘች። በጥሩነህ ቦታ የተተካችው ልጅ ቀዳችልኝ። መርፌው መግባቱንም አላወቅሁም። በአሥራ አንደኛው ቀን ውጤቱ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ከእናትሽ የመጀመሪያ ቁጥር ጎን ለጎን የሚቀመጥ። ዶክተሯ ለኮሚቴው አነበበችና «በዚህ ወረቀት ከሄድን አቶ ቀለመወርቅ ደንዝዘው፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ መተኛት ነበረባቸው» አለች። ሁሉም ሳቀ። ጥሩነህ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ወደ ሥራው ተመለሰ። በዕድሩም ስብሰባ ቆሜ ጥፋቴን አነበብኩ። ወረቀትሽን ባነበብኩበት ድምፅ ያንብቡት ብሎ ያስገደደኝ ጥሩነህ ነው። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ካሳ ልክፈልህ ብለው «አልፈልግም» አለኝ። ነገሩ በዚሁ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። አጎትሽ ምን ያህል የዋህ እንደሆነ እይልኝ።

ዶክተሯ ነገሩን ለማጥራት አስፕሪኑን አስትታኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንድቀዳ አዝዛኝ ነበር። ቀኑ ትናንት ነበር። እናትሽ «ልሸኝህ» አለች። ያችን ልጅ አገኛለሁ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ወንበሩ አጠገብ የቆመው ጥሩነህ ነው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ትሕትናው አስፈራኝ።

ቀኝ እጄን በጎማ አሰረው። ሥሬ እንደ ገመድ ተነሳ፣ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ያየዋል። ወጋኝ። ደም የለም። «ይሸሻል» አለኝ። ሁለተኛ ወጋኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ይሸሻል።» ሦስተኛውን ሲወጋኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። አራተኛው ላይ ላብ ጀመረኝ። ሃያ ዓመት ደም የቀዳ ሰው አራት ጊዜ አይስትም ጽጌ። ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም። በየመሐሉም ቦታውን በአልኮል ይጠርግልኛል፣ ቀስ አድርጎ።

ዞሬ እናትሽን ፈለግሁ። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች።

«ጥሩነህ፣ አላገኘኸውም?» አለችው።

«አላገኘሁትም እትዬ አስካለ።»

«እንግዲያስ በደንብ ፈልገው፣ እኛ ጊዜ አለን» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እኔም የግራ እጅጌዬን ራሴ ጠቀለልኩ። ቀኙ እስከ ጣቴ ድረስ አብጧል፤ ፊደሌ የተንጋደደው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው።

አጎትሽ ቀለመወርቅ